አሰብን ከቤር ሼቫ ሶፋ ላይ አናስመልስም

ሰሞኑን በየቡናው የማያልቅ ክርክር አለ፤ የኤርትራ መገንጠል ማንን አከሰረ? አንዱ «ወደብ አጣን» ይላል፣ ሌላው «የከሰሩትማ እነሱ ናቸው» ይላል። ጎረቤት ከጎረቤት እስከ መኳረፍ ደርሷል።

እኛ የምንለው፦ ሁለቱንም ያከሰራቸው ሒሳብ ሳይዘጉ መለያየታቸው ነው። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከዚያ በኋላም ኢትዮጵያ በአሰብ ትጠቀም ነበር፣ ኤርትራም በብር ትገበያይ ነበር። በ1997 ናቅፋ ሲታተም ኢትዮጵያ «ንግዱ በዶላር ይሁን» አለች፣ ተኳረፉ። በ1998 ባድመ ላይ ጦርነት ተነሳ። የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ የአሰብ ገበያ ቀዘቀዘ። አንዷ ለሰው ወደብ በዶላር ትከፍላለች፣ ሌላዋ ትልቁን ደንበኛዋን አጣች። ታዲያ ማን አተረፈ?

«እንግዲያው በጉልበት እናስመልሰው» የሚሉም አሉ። ከቤር ሼቫ ሶፋ ላይ ሆኖ ይሄን ማለት ቀላል ነው። የሚሞተው ግን እዚያ ጎንደርና ትግራይ ያለው የዘመድ ልጅ ነው።

እኛ በማኅበራዊ ሥራ ያለን ሰዎች ፍቺ በየቀኑ እናያለን። ባልና ሚስት ተለያይተውም ልጅ ማሳደግ ይችላሉ። ልጆቹ የሚጎዱት ማን ምን እንደሚከፍል ሳይፈራረሙ ሲቀሩ ነው። አገርም እንደዚያው ነው።

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንድም እህቶቻችን፦ ተከራከሩ፣ ክርክር አይከፋም። ግን ጦርነት አትመርቁ። ወደብ በድርድርና በክፍያ ይገኛል፤ የሞተ ልጅ ግን በምንም አይመለስም።