ሰዓት ቢቀየርም ሱሑር አይቀየርም



አገራችን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ወደፊትና ወደኋላ አትገፋም። ከእኛ ጋር በአንድ ሰዓት የሚጠቀሙት ሳዑዲ ዐረቢያ፣ የመን፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ኬንያም እንዲሁ። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነውና ሰዓት ገፍተን የምናተርፈው ብርሃን የለም። ይህ ለጤናችንም ኒዕማ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ስዊድን ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዓት አንድ ወደፊት በተገፋ ሰሞን በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚያዙ ሰዎች ቁጥር በጥቂቱ ከፍ ይላል። የአንድ ሰዓት እንቅልፍ እንዲህ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2014 ረመዳን በሞቃቱ ወቅት ሲውልባት የገፋችውን ሰዓት ለፆሙ ብላ መልሳለች። የፆሙ ርዝመት ግን በዚህ አንዲት ደቂቃ አልቀነሰም። ፈጅርና መግሪብ የሚታወቁት በፀሐይ እንጂ በመንግሥት አዋጅ አይደለም።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? ያገባናል። አንዲት የጀሞ ወይም የለቡ እናት ልጃቸው ዋሽንግተን ይኖራል እንበል። ልጅ ሆዬ በረመዳን ማታ በእሱ 2 ሰዓት ላይ ይደውላል፤ ያን ጊዜ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ እናት ለሱሑር ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025፣ በረመዳን መሐል፣ አሜሪካ ሰዓቷን ገፋች። ከዚያ ሌሊት በኋላ በዚያው ሰዓት የተደወለ ስልክ እዚህ የሚጮኸው 9 ሰዓት ላይ ነው። እናት ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸውና በስልኩ ተነሥተው ከበሉ፣ መድኃኒታቸውንም ከዋጡ፣ ያለ ምግብ የሚቆዩበት ጊዜ በአንድ ሰዓት ረዘመ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱሑርን ማዘግየት፣ ኢፍጧርን ማፋጠን ማስተማራቸው ለሰውነትም የሚበጅ ነው። ስለዚህ የሩቁን ስልክ መቀስቀሻ አናድርገው፤ የሰፈሩ መስጊድ አዛንና የአዲስ አበባ የሰላት ሰሌዳ ይበቃናል።

የአዲስ አበባ ስል ምክንያት አለኝ። አንዳንድ ቤት የመካን አዛን በቴሌቪዥን ሰምተው ተምር የሚያነሱ አሉ፤ ሰዓታችን አንድ ነው በሚል። ሰዓቱ አንድ ነው፣ ፀሐይዋ ግን አይደለችም። ረመዳን በየካቲት አጋማሽ ሲውል መካ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከእኛ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። አገር ውስጥም ቢሆን ጅጅጋ ከእኛ ይቀድማል፣ ጋምቤላ ይዘገያል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መንግሥት ሰዓታችንን ባይነካውም እኛው ራሳችን በረመዳን ሦስትና አራት ሰዓት እንገፋዋለን። ከተራዊሕ በኋላ ቡና ይፈላል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ሳምቡሳው እንደገና ይቀርባል፤ ጫት የሚይዝም አይጠፋም። ሱሑር 8 ሰዓት ላይ ተበልቶ ይተኛል፣ ፈጅርም ያልፋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በኋላ ወሬ ይጠሉ ነበር። በማግስቱ ሚኒባስ ይዞ ከለፍቶ ሳር ቤት የሚመላለሰው ሹፌር እንቅልፍ ያልጠገበ ነው፤ ተሳፋሪው ደግሞ የእኛው ልጅ።

በእኔ አስተያየት ከተራዊሕ መልስ ጥቂት ውሃ ጠጥቶ ወዲያው መተኛት፣ ከዚያ ለፈጅር አንድ ሰዓት ሲቀር ተነሥቶ ቶሎ የማያስርብ ነገር፣ የገብስ ገንፎ ወይም አጃ ከእንቁላል ጋር መመገብ ይሻላል። ጨው የበዛበት ውሃ ያስጠማል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች ደግሞ ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት ቀድመው ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው፣ መፆም ይችሉ እንደሆነና ክኒኑ ወይም ኢንሱሊኑ ከኢፍጧርና ከሱሑር ጋር እንዴት እንደሚከፋፈል ያስጽፉ። ወረቀቱን ለሚያስታምማቸው ልጅ ይስጡ፤ ዋሽንግተን ላለውም ቅጂውን ይላኩለት።