«ተው» ማለት ብቻውን መድኀኒት አይሆንም

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ቃል በአገራችን ያልሰማ ሰው አይገኝም። ተማሪው በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አንብቦታል፤ ሽማግሌውም በጤና ጣቢያ ደጃፍ ተጽፎ አይቶታል። ቃሉ እውነት ነው፤ ለጆሮም ይጥማል። ነገር ግን ቃሉን የሚያውቅ ሁሉ የሚጠነቀቅ ቢሆን ኖሮ የሐኪሞቻችን ሥራ እጅግ በቀለለ ነበር። ትንባሆ ሳንባን እንደሚጎዳ ያልሰማ አጫሽ ዛሬ ከወዴት ይገኛል? የደም ብዛት መድኀኒቱን «ተሽሎኛል» ብሎ ያቋረጠውስ ሰው ሐኪሙ «እንዳታቋርጥ» ሳይለው ቀርቶ ነውን? እንግዲህ ጥያቄው «ያውቃሉ ወይ?» የሚል አይደለም፤ «እያወቁ ስለ ምን አያደርጉትም?» የሚል ነው እንጂ።

ለዚህ ጥያቄ መካሪዎቻችን ሦስት የተዘጋጁ መልሶች አሏቸው። አንዱ «አላወቀም፤ ይነገረው» ይላል። ሁለተኛው «አልፈራም፤ ይፈራ፤ ይፈር» ይላል። ሦስተኛው «ፈቃዱ ደካማ ነው፤ እሱስ ሰው አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። እኔ ግን እነዚህ ፍርዶች ጎዶሎ ብቻ ሳይሆኑ ጎጂም ናቸው እላለሁ። መካሪው ሥራውን የፈጸመ መስሎት በሰላም ይተኛል፤ ተመካሪው ግን ከሕመሙ በላይ ሌላ ሸክም፣ ይኸውም ኀፍረት፣ ተጨምሮበት ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ለመመርመር ወደ ቪየና ከተማ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1847 በዚያች ከተማ ታላቅ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ አንድ ነገር አስተዋለ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይነኩ ነበር። እሱም እጃቸውን ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ከትእዛዙ በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ በዚያ ክፍል ከመቶ ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ ከትእዛዙ በኋላ በነበሩት ወራት ግን ቍጥሩ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ሆኖም ከዘመኑ ሊቃውንት ብዙዎቹ ትምህርቱን አልተቀበሉትም። እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ ነበሩን? በአውሮፓ ከተማሩት ሁሉ ይበልጥ የተማሩ ነበሩ እንጂ። እርግጥ ነው፣ ስለ ተሐዋስያን የሚያስተምረው ዕውቀት ገና አልተስፋፋምና ዜመልቫይስ ምክንያቱን አጥግቦ ለማስረዳት አልቻለም። ነገር ግን ሌላም እንቅፋት ነበረ፤ ትምህርቱን መቀበል «እስከ ዛሬ የገደልሁ እኔ ነኝ» ብሎ ማመን ነበርና። ይህን ለማለት የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው።

ዜመልቫይስስ ምን አደረገ? ቆይቶ ተቃዋሚዎቹን በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ሰደባቸው። በቍጣው አንፈርድበትም፤ እናቶች ይሞቱ ነበርና። ነገር ግን ስድቡ አንድም እጅ አላጠበም፤ የተዘጋውን ልብ ይበልጥ ዘጋው እንጂ። እሱም እ.ኤ.አ. በ1865 በእብዶች መጠበቂያ ውስጥ ሞተ። እውነት በእጁ ነበረች፤ ወደ ሰው ልብ የምትገባበትን በር ግን አላገኘላትም።

ሁለተኛው መካሪ «ማስፈራራት ይሻላል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ፣ ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ስለ ቴታነስ፣ ማለት ስለ መንጋጋ ቆልፍ፣ የሚናገር ጽሑፍ ለተማሪዎቹ ተሰጠ፤ ለአንዳንዶቹ እጅግ የሚያስፈራ፣ ለሌሎቹ ለዘብ ያለ። በጣም የፈሩት «ክትባቱ ያስፈልጋል» ማለትን አበዙ፤ በተግባር ሄዶ በመከተብ ግን ከሌሎቹ አልበለጡም። ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ለአንዳንዶቹ የሕክምናው ቤት የሚገኝበት ካርታ ተሰጣቸው፤ ከትምህርት ሰዓታቸውም መካከል መቼ መሄድ እንደሚችሉ እንዲያስቡ ተነገራቸው። ከነዚህ ከመቶ 28 ያህሉ ተከተቡ፤ ካርታ ካልተሰጣቸው ግን ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ። ተማሪዎቹ እኮ የሕክምናውን ቤት ቀድሞም ያውቁት ነበር! የጎደላቸው ፍርሃት አልነበረም፤ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መንገድ» የሚል ቍርጥ ነገር ነበር። ፍርሃት ሰውን ያስነሣዋል፤ መንገድ ካልታየው ግን ተነሥቶ ዐይኑን ይሸፍናል።

ሦስተኛው ፍርድ ከሁሉ ይከፋል። «ፈቃዱ ደካማ ነው» የሚለው ሰው በገዛ አገሩ ያለውን ምስክር አልተመለከተም። «ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ እህል አይወርድልኝም» የሚለው ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ሁለቱንም ሳይቀምስ ይኖራል። ያለ ሲጋራ አንድ ሰዓት መቆየት የሚቸግረው እስላም በረመዳን ከጎሕ እስከ ፀሐይ መግቢያ ሳያጨስ ይውላል። ጾም የተሠራው ለነፍስ እንጂ ለሥጋ ሕክምና አይደለም፤ እኔም ከዚህ የምወስደው ስለ ሰው ፈቃድ የሚመሰክረውን ብቻ ነው። ያው ሰው በሌላው ወራት «አልችልም» ይላል፤ በጾም ወራት ይችላል። ፈቃዱ በአንድ ሌሊት በረታን? አልበረታም። ነገር ግን ቀኑ አስቀድሞ ተቈርጧል፤ በሚተወው ምትክ የሚበላው ሽሮውና ምስሩ ታውቋል፤ ከጓዳው የሚያስጎመጀው ነገር ተነሥቷል፤ ቤተ ሰቡና ጎረቤቱም አብረውት ይጾማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ በየቤታችን አለ። እንግዳ ለማዕድ ሲቀመጥ ልጅ ውሃ በኩስኩስት ይዞ ቀርቦ ያስታጥበዋል። እንግዳው ስለ ንጽሕና ማሰብ፣ መወሰን ወይም ከራሱ ጋር መታገል አያስፈልገውም፤ ውሃው ወደሱ መጥቷልና እጁን ይዘረጋል። ነገር ግን ያው ሰው ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ውሃ ይዞ የሚጠብቀው የለም፤ ሳሙናውም ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ሳይታጠብ ይሄዳል። ሰውዬው አንድ ነው፤ ዕውቀቱም አንድ ነው፤ የተለየው ማስታጠቢያው ያለበት ቦታ ነው። በዚህች በምታንስ ልዩነት የተነሣ ተቅማጥ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ሕፃናትም ይቀሠፋሉ። እንግዲህ ለእናቲቱ «አንቺ ቈሻሻ» ከማለትና በመጸዳጃው በር ላይ ውሃና ሳሙና ከማኖር የትኛው ልጇን ያድነዋል?

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ ጥፋቱን ሁሉ በቤትና በጎረቤት ላይ ጥለን ሰውን ከኀላፊነት ልናወጣው ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም፤ ኀላፊነቱን ወደ ተገቢው ሰዓት እናምጣው ነው የምለው። ከጫት መሸጫው ደጃፍ ደርሶ ከምኞቱ ጋር የሚታገል ሰው ውጊያውን የጀመረው ሊሸነፍበት በቀረበው ቦታ ነው። ኀላፊነቱ የነበረበት ጧት በየትኛው መንገድ፣ ከማን ጋር፣ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ በሚወስንበት ሰዓት ነበር። ብልህ ሰው ጕልበቱን በፈተና ፊት ከመመካት ይልቅ ፈተናውን ከመንገዱ በማራቅ ይጠቀምበታል።

መንግሥትም የዚህ ኀላፊነት ተካፋይ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው ዐዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን፣ መጠጥንም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን መከልከሏ ትክክለኛ ሥራ ነው። አንድን ወጣት በየምሽቱ በማስታወቂያ እየጋበዙ በማግስቱ «ስለ ምን ጠጣህ?» ብሎ መውቀስ ፍርድ አይደለምና። ሕጉ ግን በወረቀት ላይ ከቀረ እሱም «ተው» እንደሚለው ባዶ ቃል ይሆናል።

ወጣቱ አንባቢ ሆይ! ይህ ነገር ስለ ሽማግሎች ብቻ የሚነገር አይምሰልህ። ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምረው የእንግሊዝን ሐኪሞች ለ50 ዓመት ተከታትለው ነበር። ትንባሆ ያልተዉት ሐኪሞች ካላጨሱት ይልቅ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞቱ። በ60 ዓመቱ የተወ ሰው 3 ዓመት ያህል፣ በ50 የተወ 6 ዓመት ያህል፣ በ40 የተወ 9 ዓመት ያህል ዕድሜ አተረፈ፤ በ30 የተወ ግን የሚያጣውን 10 ዓመት ሁሉ ለማስቀረት ቀረበ። እንግዲህ በእጅህ ያለው ሀብት ይህ ነው፤ ጊዜ።

ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው እሆናለሁ» ብለህ አትማል። ይልቅስ ትንሽና ቍርጥ ያለ ነገር ወስን፤ «ከሥራ ስወጣ ጓደኞቼ ወደ መጠጥ ቤት ቢጠሩኝ፣ ወደ ቤቴ በሚወስደው በሌላው መንገድ እሄዳለሁ» በል። በምትተወው ነገር ቦታ የምትተካውን አስቀድመህ አዘጋጅ፤ ባዶ የቀረ ሰዓት የቀድሞ ጌታውን ይጠራልና። አንድ ወዳጅ ከአንተ ጋር አሳብር። ብትሰናከልም ተስፋ አትቍረጥ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ በለንደን የተደረገ ጥናት አዲስ ልማድ ሰዎችን ለመልመድ በመካከለኛው ግምት 66 ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው 254 ቀን ያህል ይወስዳል ተብሎ ተገምቷል። አንድ ቀን ማጓደልም ሥራውን እንዳላፈረሰ ታይቷል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች ይህን ያለ ቍጥር ዐውቀውት ነበር። ሱስ የጠናበት ሰው ግን፣ ይልቁንም የመጠጥ ሱስ፣ በድንገት ማቆም ሊጎዳው ይችላልና ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ይህ ውርደት አይደለም።

ለሌላው መካሪ በሆንህ ጊዜም ይህን አስብ። ወንድምህን «ስንት ጊዜ ነገርሁህ!» ከማለትህ በፊት «የሚያስቸግርህ በየትኛው ሰዓት ነው?» ብለህ ጠይቀው፤ በዚያም ሰዓት አጠገቡ ተገኝ። ምክር ለመናገር አፍ ብቻ ይበቃል፤ ሰውን ለማዳን ግን ውሃ መቅዳት፣ መንገድ ማሳየት፣ አብሮ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ መካሪ በሚመክረው ሰው ላይ ለመፍረድ አይቸኵል።