የግሪክ ዋንጫ፦ ባለሜዳ የሌለው ጨዋታ፣ ተመልካች የሌለው ድል

ኤኢኬ አቴንስ ረቡዕ ምሽት (እአአ ሜይ 24/2023) በቮሎስ ከተማ ፓንቴሳሊኮ ስታዲየም ፓኦክን 2 ለ 0 አሸንፎ የግሪክን ዋንጫ ወስዷል። በወቅቱ በአርጀንቲናዊው ማቲያስ አልሜይዳ ይሠለጥን የነበረው ቡድን የሊጉን ዋንጫ ቀድሞ በእጁ አስገብቶ ነበር። ሁለቱን በአንድ የውድድር ዘመን ሲያጣምር ከ1978 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሆኖም ጨዋታው በዝግ ስለተካሄደ ዋንጫው ከፍ ያለው በባዶ ወንበሮች ፊት ነው።

ግሪክ ከሦስት ቀን በፊት፣ እሁድ ዕለት፣ ሚሊዮኖችን ወደ ምርጫ ጣቢያ ጠርታ በሰላም አስመርጣለች። የሁለት ቡድኖችን ደጋፊዎች ለዘጠና ደቂቃ አንድ ስታዲየም ውስጥ ማስቀመጥ ግን አልቻለችም።

የሁለቱ ቡድኖች ታሪክ ለዚህ ጠላትነት የሚያዘጋጅ አይደለም። ሁለቱም የአንድ ስደት ልጆች ናቸው። ከግሪክና ቱርክ ጦርነት እና በ1923 በሎዛን ከተፈረመው የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት ጋር ተያይዞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ቤታቸውን ጥለው ግሪክ ገቡ። ከቁስጥንጥንያ የመጡት በ1924 አቴንስ ላይ ኤኢኬን፣ በ1926 ደግሞ ተሰሎንቄ ላይ ፓኦክን መሠረቱ። የሁለቱም ምኅጻረ ስም የመጨረሻ ፊደል ቁስጥንጥንያን ያመለክታል። የሁለቱም ዓርማ ባለ ሁለት ራሱ የቢዛንታይን ንስር ነው። የፓኦኩ ንስር ክንፉን አጥፎ ይታያል፤ ለጠፋው አገር የሐዘን ምልክት ነው ይባላል።

ዛሬ ይህ ዝምድና የሚታወሰው በዓርማው ላይ ብቻ ነው። ከ2017 እስከ 2019 በተከታታይ ሦስት ዓመታት በዋንጫው ፍጻሜ ተገናኝተው ሦስቱንም ያሸነፈው ፓኦክ ነው። የመጀመሪያው የተካሄደው እዚሁ ቮሎስ ነበር። የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች ጨዋታው ሳይጀመር ስታዲየሙ ውስጥ ተደባደቡ። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ኢቫን ሳቪዲስ፣ የፓኦክ ባለቤት፣ ሁለቱ ቡድኖች ባደረጉት የሊግ ጨዋታ ማብቂያ ላይ ጎል ተሻረብን በሚል ሽጉጥ በወገባቸው እንደታጠቁ ሜዳ ገቡ። መንግሥት ሊጉን አቋረጠ። ሳቪዲስ ለሦስት ዓመት ከስታዲየም ታገዱ፣ ከፓኦክም ነጥብ ተቀነሰ። ሻምፒዮን የሆነው ኤኢኬ ነው። ከክስተቱ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ እነዚሁ ቡድኖች ለዋንጫ ፍጻሜ እንደገና ተፋጠጡ።

ሳቪዲስ ተራ የቡድን ባለቤት አይደሉም። ጆርጂያ ውስጥ ከፖንቶስ ግሪካውያን ቤተሰብ የተወለዱ፣ የሩሲያ ዱማ አባል የነበሩ፣ በግሪክም ከሆቴል እስከ ጋዜጣ የዘለቀ ሀብት ያላቸው ሰው ናቸው። በ2023 የሌሎቹ ታላላቅ ቡድኖች ባለቤቶችም በመርከብና በነዳጅ ንግድ የከበሩ ነበሩ። እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ጠንከር ያለ እርምጃ መውሰድ ለማንኛውም የአቴንስ መንግሥት ዋጋ ያስከፍላል። ደጋፊን ከበር መመለስ ግን ርካሽ ነው።

በሊጉ ይህ ዘዴ ለዓመታት ሠርቷል፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። የእንግዳው ቡድን ደጋፊ እንዳይገባ ይከለከላል፣ ባለሜዳው ብቻውን ይጨፍራል። የዋንጫ ፍጻሜ ግን ባለሜዳ የለውም። ወይ ሁለቱም ይገባሉ ወይ ማንም አይገባም። ባላንጣውን ፊት ለፊት አይቶ፣ ተሳድቦም ቢሆን፣ በሰላም ወደ ቤቱ መመለስን ያልተለማመደ ትውልድ በዓመት አንድ ቀን ይህን እንዲችል መጠበቅ ከባድ ነው። በ2016ም መንግሥት ዋንጫውን በሁከት ሳቢያ ሰርዞ፣ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ዛቻ ሲመጣበት መልሶ ፈቅዶ ነበር። ያን ጊዜ ኤኢኬ ኦሎምፒያኮስን የረታበት ፍጻሜም ያለ ተመልካች አልፏል። የቡድኑ የመጨረሻዎቹ ሁለት የግሪክ ዋንጫዎች፣ የያኔውና የአሁኑ፣ ሁለቱም ባዶ ስታዲየም ውስጥ የተገኙ ናቸው።

በዝግ መጫወት ሜዳውን ያረጋጋ እንደሆነ እንጂ መንገዱን አላረጋጋም። በየካቲት 2022 ተሰሎንቄ ውስጥ የ19 ዓመት ወጣት የተገደለው ከስታዲየም ውጭ፣ ጎዳና ላይ ነው። የማን ደጋፊ እንደሆነ ተጠይቆ ነበር። ጉዳዩ በሜይ 2023 ገና በፍርድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በስፖርት ሁከት ላይ የሚጣለውን ከፍተኛ ቅጣት ከስድስት ወር ወደ አምስት ዓመት እስራት አሳድጓል። ሕጉ በተደባዳቢው ላይ ከበደ፤ ደጋፊውን በዳኛ ላይ የሚያነሣሡ የቡድን አመራሮችን ግን እምብዛም አልነካም። ለታላላቅ ጨዋታዎች ዳኛ ከውጭ አገር ማስመጣት የተለመደ መሆኑ መተማመኑ የት ድረስ እንደወረደ ያሳያል።

ኤኢኬ የቀድሞ ስታዲየሙ በ2003 ከፈረሰ ወዲህ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ የራሱ ሜዳ አልነበረውም። በ2022 መኸር ግን ስደተኞች ወደ ቆረቆሩት ኒያ ፊላደልፊያ ሰፈር ተመልሷል፤ አዲሱ ስታዲየም ሐጊያ ሶፊያ ተብሏል። የፓኦክ ሜዳ የሚገኝበት የተሰሎንቄው ቱምባም የስደተኞች ሰፈር ነው። ረቡዕ ምሽት የሁለቱም ሰፈር ሰዎች ፍጻሜውን የተከታተሉት በቴሌቪዥን ነው።