ስህተቱ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ኩየራ ወርጄ ነበር። ጎጃም ላሉት አጎቴ መልእክት ጻፍልኝ አለችኝ። «ዘንጋዳው እንዴት ከረመ? የባሕር ማሽላውስ? እዚህ ጎረቤቶቻችን ጉማ ተከፍሎ ታርቀዋል።» እንዳለችው ጻፍኩ። «ዘንጋዳ» እና «ጉማ» ስር ቀይ መስመር ተሰመረ። «የባሕር ማሽላ» ደግሞ «በቆሎ» ተብሎ ይታረም ተባለ።

«ቀዩ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ስህተት ነው» አልኳት።

«የማን?»

የማን እንደሆነማ አውቃለሁ። ያንን ፊደል አራሚ ከሠራነው ልጆች አንዱ እኔ ነኝ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ይሰበሰባል፣ ቃላቱ ይቆጠራሉ፣ ከአምስት ጊዜ በታች የተገኘ ቃል ይጣላል። ቃል የምትጥለዋን መስመር ኮድ የጻፍኳት እኔው ነኝ። የሰበሰብነው ጽሑፍ ደግሞ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ጋዜጣና ድረ ገጽ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ «ስህተት» ሲል «አዲስ አበባ ብዙ አልጻፈውም» ማለቱ ነው፤ ሌላ ምንም አያውቅም።

ይሄን ሳወራ «ዘዬና የሌላ ቋንቋ ቃል አማርኛን በረዙት» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ያልተበረዘውን አሳዩኝ። «ላጲስ» በጣሊያንኛ እርሳስ ነው፤ እኛ ግን እርሳሱ የጻፈውን የሚያጠፋውን ላጲስ አልነው። «ባጃጅ» የህንድ ኩባንያ ስም ነው፤ ሻሸመኔ ላይ ግን ማንም የፋብሪካውን ስም አስቦ «ባጃጅ!» ብሎ አይጣራም። ከሱ በፊት መንገዱን የያዘው «ጋሪ»ም ቢሆን በሂንዲ ተሽከርካሪ ማለት ነው። «ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው።

ከአፋን ኦሮሞ የመጣውንም ተመልከቱ። «ጉዲፈቻ» አሳድጎ የራስ ማድረግ ከሚል ግስ የወጣ ነው፤ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። «ጨጨብሳ» መሰባበር ከሚል ግስ መጥቶ የአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶችን ሞልቷል። ለነዚህ ቀይ መስመር ያሰመረ የለም። የደም ካሳው «ጉማ» ግን ስህተት ይባላል። ለምን? ሰው ስለሚታረቅበት ነው ወይስ አዲስ አበባ ስላልበላችው?

«የባሕር ማሽላ»ም እንደዚያው ነው። እህሉ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ የሰሜኑ ገበሬ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ብሎ ሰየመው። ታሪኩ ስሙ ላይ አለ። «በቆሎ»ም ትክክል ነው፤ ግን አንዱ ትክክል ስለሆነ ሌላው ስህተት አይሆንም።

ቃል ይለወጣል፣ ይሞታልም። አዲስ አበባ «እርስዎ» ሲል «አንቱ» የገጠር ሰው ቃል ሆነ፤ ያም ሆኖ ትልቅ ሰው ማድነቅ ሲያምረን «አንቱ የተባለ» እንላለን። ጋሪው ሲጠፋ የዕቃዎቹ ስምም አብሮት ይሄዳል፤ ለዚያ አላለቅስም። የሚያናድደኝ ሰው አፍ ላይ ያለን ቃል እንደሌለ መቁጠር ነው። ልጆች አሁን የሚጽፉት ስልክ ላይ ነው፤ ቀይ ያየ ልጅ ደግሞ ቃሉን ያጠፋል እንጂ ከማሽኑ ጋር አይሟገትም።

«ወጥ አጻጻፍ አያስፈልግም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ያስፈልጋል፤ ሕግና የመድኃኒት ወረቀት በየአውራጃው ዘዬ አይጻፍም። ግን ምን ልጻፍ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ የትኛው ቃል አለ የሚለው ሌላ። እስከ 15 ዓመቱ ማንበብ የማይችል የፋብሪካ ልጅ የነበረው ጆሴፍ ራይት፣ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1905 የእንግሊዝኛ ዘዬዎችን መዝገበ ቃላት በ6 ቅጽ አሳትሟል። ከቃሉ ጎን የሚነገርበትን አውራጃ እንጂ «ስህተት» ብሎ አልጻፈም።

እኛስ ምን ይጎድለናል? ቃሉ የሚነገርበትን ቦታ የሚይዝ አንድ ዓምድ ብቻ፦ ጎጃም፣ ወሎ፣ አርሲ። ማሽኑ የማያውቀውን ቃል ሲያገኝ ከማረሙ በፊት «የየት አገር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይሄ ከባድ ሥራ አይደለም፤ እኔ ራሴ ሠርቼው ስላየሁት ነው የምናገረው።

መልእክቱን እናቴ እንዳለችው ላክሁት። አጎቴ ማታ ደውለው «ጉማ ምንድን ነው?» አሉ። እናቴ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳቻቸው።