ይህችን ወረቀት አትጣሏት



ዛሬ የምናወጋችሁ በእጃችሁ ስላለችው ስለዚህችው ወረቀት ነው። «ሬድዮ አለ፤ የልጆቹ ስልክ አለ፤ ወረቀት ደግሞ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ሬድዮም ስልክም ይጠቅማል። ነገር ግን ዕድሜው ለገፋ ሰው ወረቀት የራሷ ጥቅም አላት። እስቲ በምሳሌ እንየው።

አንድ ቤት እናስብ። ሕፃኑን ተቅማጥ ይዞታል። እናቱ ገበያ ሄዳለች። ቤት ያሉት አያቱ ናቸው። እሳቸው ውሃ፣ ስኳርና ጨው በጥብጦ ማጠጣት እንደሚገባ በሬድዮ ሰምተዋል። ታዲያ ጨው ስንት ነበር? ግማሽ ማንኪያ ነው ወይስ ስድስት? ሬድዮ መልሰው ቢጠይቁት አይመልስም። ጨው ከበዛ ደግሞ ሕፃኑን ይጎዳል። አያት ማንኪያውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

እኛ ልኩን እዚህ እንጽፈዋለን፦

ውሃ፦ 1 ሊትር፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ።
ስኳር፦ 6 የሻይ ማንኪያ፣ ሳይቆለል።
ጨው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ሳይቆለል።

ይህን በደንብ በጥብጡ። ለሕፃኑ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ከጤና ኬላ የሚገኘው የታሸገው ሕይወት አድን ከዚህ ይሻላል። ይህኛው እሱ እስኪገኝ ነው። ሕፃኑ ከደከመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ጊዜ አትስጡ። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ጣታችሁን «ግማሽ» በሚለው ቃል ላይ አድርጉ። ዛሬ ግማሽ ይላል። ነገም ግማሽ ይላል። ለከርሞም ግማሽ ይላል። የወረቀት ጥቅሟ ይህ ነው። አትቸኩልም። መቶ ጊዜ ብትጠይቋት አትሰለችም። ባትሪም አያልቅባትም።

ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይከብዳል። በሬድዮ የሚናገረው ሰው ከፈጠነ ግማሹ ያመልጠዋል። ወረቀት ግን በአንባቢው እርምጃ ትሄዳለች።

«ዓይኔስ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው። ሰው 40 ዓመት ካለፈው ወዲህ የቅርቡን ማየት ያስቸግረዋል። ብዙ ሰው ታዲያ «ፊደሉ ጠፋብኝ» ይላል። ፊደሉ አልጠፋበትም፤ የደከመው ዓይኑ ነው። ወረቀቷን ራቅ አድርጋችሁ ያዟት። ፊደሉ ከጠራ ችግሩ የዓይን ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መነጽር ያግዘዋል። ዓይናችሁን ለሐኪም አሳዩ። እስከዚያው በቀን፣ በር አጠገብ ተቀምጣችሁ አንብቡ።

ፊደል በእርግጥ የሚጠፋበትም መንገድ አለ። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በአገራችን ትልቅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። እያደርም በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጠ። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል እስከ ዛሬ የሚያነቡ አሉ። የሚያነቡት አጥተው የረሱም አሉ። ፊደል እንደ ማሳ ነው። ካልታረሰ ዳዋ ይውጠዋል። ሳምንት በሳምንት የምትመጣ አንዲት ወረቀት ማሳውን ታሳርሳለች።

እንግዲህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ይህችን ወረቀት አንብባችሁ አትጣሏት። በርበሬም አትጠቅልሉባት። ግድግዳ ላይ ለጥፏት፤ ወይም ሳጥን ውስጥ አኑሯት። ደግሞም በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። «አባባ፣ ይህችን ላንብብልዎ» በሏቸው። «እማማ፣ እስቲ ይስሙኝ» በሏቸው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ካልገባቸው ድገሙት። እሳቸው ይሰማሉ፤ እናንተም ንባባችሁ ይጠነክራል።

የዚህ ሳምንት ሥራችን ቀላል ነው። ስለ ተቅማጥ የጻፍነውን ለአንድ አዛውንት አንብቡላቸው። በሦስተኛው ቀን ሄዳችሁ «ጨው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። «ግማሽ፣ ሳይቆለል» ካሉ እሰየው ነው። ከረሱም አትቆጡ። ወረቀቷን አውጡና አብራችሁ እዩ። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።