ከምረቃው በፊት ፈተናው ይቅደም

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጕሙ የገባኝ ግን ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን በብዙ ሰው ፊት ከተናገርሁ በኋላ ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን! የሳይንስ ክበባችን የፀሐይንና የጁፒተርን የሬዲዮ ሞገድ የምትቀበል አንዲት መሣሪያ መሥራቱን ታስታውሳላችሁ። ሽቦው በሁለት ረዣዥም ዕንጨቶች መካከል ተወጥሮ፥ ድምፅ ማጉያውም «ሽሽሽ» ሲል፥ እኔ በኵራት ተነሥቼ «ይህ የምትሰሙት የፀሐይ ድምፅ ነው» አልሁ። ጭብጨባው ገና ሳያባራ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት፥ «ልጄ፥ ፀሐይ ስትጠልቅስ ዝም ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ሞክረነው አናውቅም ነበር። እኔ ግን አፍሬ፥ «አዎን፥ እማማ፥ ዝም ይላል» ብዬ መለስሁ።

በዚያው ቅዳሜ ምሽት ብንሞክረው፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ድምፁ እንደ ቀድሞው ነበረ። እሑድ ጧት ግን ጸጥ አለ። ምክንያቱን ስንመረምር፥ በአቅራቢያችን ያለው ወፍጮ ቤት ሰንበትን አክብሮ ተዘግቶ ኖሯል! እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው ያስጨበጨብነው የወፍጮ ሞተር አሰምተን ነው።

ዘንድሮ ክበባችን ከወላጆች በተሰበሰበ መዋጮ የተሻለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለመሥራት አስቦ ክርክር ላይ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ «ገንዘቡ ለሰፊ ዲሽ ይዋል፤ ለወላጆች ቀንም ይድረስ» ይላሉ። አሳባቸው ከንቱ አይደለም፤ ገንዘቡን የሰጠ ወላጅ የሚታይ ነገር ይሻልና። እኔ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ለመቀበያው ይዋል፥ መቀበያውም ሦስት ወር ሙሉ ይፈተን፥ የወላጆች ቀን ቢያልፍም ይለፍ እላለሁ። ዲሹ ከሰማይ የሚመጣውን ሞገድ ይሰበስባል፤ ያን እጅግ ደካማ ሞገድ አጕልቶ ከመንደር ጩኸት የሚለየው ግን መቀበያው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ግሮት ሬበር የተባለው አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1937 በገዛ ግቢው ዘጠኝ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዲሽ ሠራ። በ3300 ሜጋኸርዝ በሚሠራው በመጀመሪያው መቀበያ ምንም አላገኘም፤ ሁለተኛውን በ900 ሜጋኸርዝ ገደማ ሠራ፥ አሁንም ምንም የለም፤ ሦስተኛውን በ160 ሜጋኸርዝ በሠራ ጊዜ ግን የፍኖተ ሐሊብን ሞገድ ያዘ። ዲሹ ያው ነበር፤ የተለወጠው መቀበያው ነው።

ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉት ሊቃውንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በመሣሪያቸው ውስጥ ቀንም ሌሊትም የማይቋረጥ አንድ ትርፍ ድምፅ አገኙ። ቸል አላሉትም። መገጣጠሚያዎቹን መረመሩ፤ በአንቴናው ውስጥ የሰፈሩትን ርግቦች አስወጥተው ኵሳቸውን ጠረጉ፤ መቀበያውን በፈሳሽ ሂልየም ከቀዘቀዘ መለኪያ ጋር አስተያዩት። ድምፁ ግን አልጠፋም፤ ከዓለም መጀመሪያ የቀረ ሙቀት ኖሯልና። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የራሳቸውን መሣሪያ ጠንቅቀው ባይመረምሩ ኖሮ ይህን ታላቅ ነገር ከርግብ ኵስ መለየት ባልቻሉ ነበር።

የኔ ዕቅድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ወር አንቴናው ይነቀልና በስፍራው አንዲት ሬዚስተር ትግባ፤ ያን ጊዜ የሚሰማው የመቀበያው የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። እርሱም ጧት፥ ቀትርና ማታ ተለክቶ ይጻፍ፤ ሙቀትና ብርድ መሣሪያን ይለዋውጣልና። በሁለተኛው ወር አንቴናው ይቀጠልና የመንደሩ ጩኸት ይመዝገብ፤ ወፍጮው ሲሠራና ሲዘጋ፥ የስልክ ቻርጀር ሲሰካና ሲነቀል ይታይ። ሁላችን የምናማርርበት የመብራት መጥፋት እንኳ በዚህ ይጠቅመናል፤ መሣሪያችን በባትሪ ስለሚሠራ፥ ሰፈሩ ሲጨልም ጩኸቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ እንሰማለን።

በሦስተኛው ወር የሰማይ ተራ ይሆናል። ካርል ጃንስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 የሬዲዮ ሞገድ ከፍኖተ ሐሊብ እንደሚመጣ ያስታወቀው፥ ድምፁ ከፍ የሚልበት ሰዓት በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል እንደሚቀድም አስተውሎ ነው። ከዋክብት ዙራቸውን የሚፈጽሙት በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነውና። አራት ደቂቃ በሠላሳ ቀን ሁለት ሰዓት ይሆናል። ወፍጮ በባለቤቱ ሰዓት ይሄዳል፤ ሰማይ ግን በራሱ ሰዓት ይሄዳል። ሌሊት ሌሊት ጽፈን በወሩ መጨረሻ ሁለት ሰዓት መቅደሙን ካገኘን፥ ያን ጊዜ ያለ ሐፍረት «ይህ ከሰማይ ነው» ማለት እንችላለን።

ይህ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በጋና ኩንቱንሴ በተባለ ስፍራ ለሳተላይት ስልክ የተሠራ 32 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ፥ የባሕር ውስጥ ገመድ ከመጣ በኋላ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበር። ጋናና ደቡብ አፍሪካ ተባብረው አዲስ መቀበያ ገጠሙለት፤ በታወቁ የሰማይ አካላትም ፈተኑት፤ ከዚያ በኋላ ነሐሴ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. መረቁት። በሀገራችን በእንጦጦ ተራራ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ እነርሱ ግን የሚሠሩት በብርሃን ነው። የሬዲዮው ተራ ሲደርስ መቀስ ይዞ ሪባን የሚቈርጥ ሰው አይጠፋም፤ መሣሪያን በትዕግሥት የሚፈትን ግን ከወዲሁ ካልተማረ ከወዴት ይመጣል?

እኛ የቀሐ ልጆች ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ለጥምቀት የፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ከቀሐ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ የሚሞላው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው፤ ውኃው በከተራ ዕለት ብቻ ቢለቀቅ ታቦታቱ ከደረቅ ገንዳ ዳር በቆሙ ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ለጭብጨባ አንቸኵል። መምህሮቻችንም ያልሰመረውን ሙከራ እንደ ሰመረው በመዝገብ እንድንጽፍ ፍቀዱልን። ወላጆቻችንም ዘንድሮ ከዲሽ ይልቅ አንድ በቍጥር የተሞላ ደብተር ብናሳያችሁ አትዘኑብን። ለእኒያም ጠያቂ እናት፥ «እማማ፥ ያን ዕለት ዋሽቻለሁና ይቅር ይበሉኝ፤ ዘንድሮም መጥተው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁን» እላለሁ።