ሦስት ቀን ለአባት

«ልጅ ሳይወለድ ከወዳጆቻችን ጋር ሮምን እንይ» የሚለው የጥንዶች ምኞት እኛም ሶዶ ደርሷል። ሮም ውብ ናት፤ ጠባችን ከውበቷ ጋር አይደለም። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የተወለት 3 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ የዓመት ፈቃዱን በሮም አደባባዮች የጨረሰ ባል በአራተኛው ቀን አራሷን ለማን ጥሎ ወደ ቢሮው ሊሄድ ነው? ለእናቷ? ለጎረቤት?

ሽርሽር ካማራችሁ ከሶዶ አርባ ምንጭ ደርሶ ለመመለስ ቅዳሜና እሑድ ይበቃል፤ አባያና ጫሞ ቪዛም የዓመት ፈቃድም አይጠይቁም። ለሮም የተዘጋጁ ወዳጆችም አራስ ለመጠየቅ ይዘጋጁ። አዋጁ ለአባት እስኪራራ ድረስ፣ አንተ አባት ሆይ፣ ፈቃድህን ለልጅህ አቆይለት!